የደም ቧንቧ ሕመምና የሕዋስ ሕክምና፦ ተስፋውን በሚዛን

ከአንባቢዎቻችን ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል አንዱ መልኩን እየለዋወጠ በተደጋጋሚ ይመጣል። ፍሬ ነገሩም የሚከተለው ነው፦ «አባታችን የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። በእግራቸው ጣት ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ጠቁሯል። ሐኪሞቹ እግራቸው መቆረጥ እንዳለበት ነግረውናል። በውጭ አገር ግን ከራሱ ከሕመምተኛው መቅኔ በሚወሰድ ግንደ ሕዋስ አዲስ የደም ሥር ማብቀል ተችሏል ሲባል ሰማን። እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ ቤታችንን ሸጠን እንውሰዳቸው?»

ጥያቄው የቤተ ሙከራ ጥያቄ ብቻ አይደለም። አንድ እግርና አንድ ቤት በሚዛኑ ላይ ተቀምጠዋል። ስለዚህ መልሱን በሽፍንፍን መናገር ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም። አጭሩ መልስ «እስከ ዛሬ ድረስ በተደረጉት ጥብቅ ሙከራዎች ሕክምናው እግርን ከመቆረጥ እንደሚያድን አልተረጋገጠም» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ለተማሪ የሚጠቅመው መልሱ ብቻ አይደለም። መልሱ የተገኘበት መንገድ ከመልሱ ይልቅ ያስተምራል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍም ያንን መንገድ ከተከታተልን በኋላ የራሳችንን አቋም እናቀርባለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕመሙ ምንነት

ልብ የሚረጨውን ደም ወደ መላ ሰውነት የሚያደርሱት ደም ቅዳዎች ናቸው። በእነዚህ ቧንቧዎች የውስጥ ግድግዳ ላይ ስብ፣ ኮሌስትሮል፣ የብግነት ሕዋሳትና ካልሲየም ለብዙ ዓመታት ቀስ በቀስ ሲከማቹ የቧንቧው ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። ሂደቱን ከሚያፋጥኑት ምክንያቶች ዋና ዋናዎቹ ሲጋራ ማጨስ፣ የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መብዛት ናቸው። ጥበቱ በልብ ቧንቧ ላይ ሲሆን የልብ ድካምንና ድንገተኛ ሞትን ያስከትላል፤ በአንጎል ቧንቧ ላይ ሲሆን ሽባነትን፤ በእግር ቧንቧ ላይ ሲሆን ደግሞ ዛሬ የምንነጋገርበትን ሕመም ያመጣል።

የእግሩ ሕመም ሲጀምር ትዕግሥተኛ ነው። ሰውየው ጥቂት መንገድ ሲሄድ ባቱን ይይዘዋል፤ ቆም ሲል ይተወዋል። ብዙዎች ይህንን የእርጅና ወይም የድካም ምልክት አድርገው ያልፉታል። ሕመሙ ሲጸና ግን እግር በዕረፍት ጊዜም፣ በተለይም በሌሊት፣ መቆርጠም ይጀምራል። ሕመምተኛው እግሩን ከአልጋው ወደ ታች አንጠልጥሎ ካልሆነ በስተቀር እንቅልፍ አይወስደውም፤ የምድር ስበት ጥቂት ደም ወደ ታች ስለሚያወርድለት ነው። በመጨረሻም ትንሽ ጭረት ወደማይድን ቁስል፣ ቁስሉም ወደ ጋንግሪን ይለወጣል።

ሕመሙ የባለጸጋ አገሮች ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከእውነት የራቀ ነው። በ2013 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በ2010 በዓለም ላይ 202 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የእግር ደም ቅዳ ጥበት እንደነበረባቸውና ከእነዚህም 70 በመቶ ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሚኖሩ ገምቷል።

የመርፌና የክር መንገድ

የደም ቧንቧ ቀዶ ጥገና ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ የከሸፈ ሕይወት አድን ሙከራ ነው። በ1894 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ በሊዮን ከተማ በጩቤ ተወግተው ሞቱ። ጩቤው አንድ ትልቅ የሆድ ደም መልስ ቆርጦ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የተቆረጠ የደም ቧንቧን መልሶ የሚሰፋ ሐኪም አልነበረም። በከተማዋ የነበረው ወጣት ሐኪም አሌክሲስ ካሬል ነገሩን ከልቡ አኖረው። ከአንዲት ጥልፍ ሠሪ የረቂቅ ስፌትን ጥበብ ተምሮ በ1902 የደም ቧንቧን ጫፍ ከጫፍ የማጋጠም ዘዴውን አሳተመ። በ1912 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከትልልቆቹ የሕክምና ግኝቶች አንዱ ከጥልፍ ሥራ መወለዱን ተማሪዎቻችን ልብ ይበሉ።

በ1948 ዣን ኩንሊን የተባለ ሐኪም በፓሪስ ከሕመምተኛው ከራሱ እግር ረጅሙን የቆዳ ሥር ደም መልስ አውጥቶ የተዘጋውን ደም ቅዳ በላይና በታች አለፈበት። ወንዝ ሲሞላ መንገዱን በሌላ ድልድይ እንደማዞር ያለ ነው። ደም መልስ በውስጡ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክሉ በሮች ስላሉት ተገልብጦ መሰፋት ይኖርበታል፤ ይህ ካልሆነ በሮቹ የደሙን መንገድ ይዘጋሉ።

ሦስተኛው እርምጃ የተወሰደው በአሜሪካ፣ በኦሪገን ግዛት ነው። ጃንዋሪ 16 ቀን 1964 ቻርልስ ዶተር የተባለ የራጅ ሐኪም እግራቸው ጋንግሪን የጀመረውንና መቆረጥን እምቢ ያሉትን የ82 ዓመት አዛውንት ሴት ተቀበለ። በቆዳቸው በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የጠበበውን ቧንቧ ከውስጥ አሰፋው። እግሩ ሞቀ፤ ቁስሉ ዳነ፤ ሴትዮዋ እስከ ዕለተ ሞታቸው በሁለት እግራቸው ሄዱ። ከዚያም በ1970ዎቹ አንድሬያስ ግሩንትዚግ በቱቦው ጫፍ የሚነፋ ፊኛ ጨመረበት።

ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ድልድዩ ወይስ ፊኛው? ይህንን ለማወቅ ከ50 ዓመት በላይ መጠበቅ አስፈልጓል። በ2022 ውጤቱ የታተመውና ቤስት ሲ ኤል አይ የተባለው ጥናት 1,830 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ለድልድይ የሚሆን ጥሩ ደም መልስ ከነበራቸው መካከል ከባድ የእግር ችግር ወይም ሞት የደረሰባቸው በቀዶ ጥገናው ቡድን 42.6 በመቶ ሲሆኑ በቱቦው ሕክምና ቡድን ግን 57.4 በመቶ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2023፣ ባዚል 2 የተባለው የአውሮፓ ጥናት ከጉልበት በታች ላለው ጥበት የተገላቢጦሹን አገኘ፤ ከ345 ሕመምተኞች መካከል እግራቸው የተቆረጠ ወይም የሞቱት በድልድዩ በኩል 63 በመቶ፣ በቱቦው በኩል 53 በመቶ ሆኑ። ሁለቱ ጥናቶች የመረጧቸው ሕመምተኞችና የመዘኑት ውጤት አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ ክርክሩ እንደቀጠለ ነው። እኛ ግን አንድ ነገር እናስተውላለን፦ በዓይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ ሕክምና እንኳ ከአቻው ጋር በዕጣ ተወዳድሮ ካልተመዘነ ዋጋው በትክክል አይታወቅም።

የሕዋሱ ተስፋ

የሕዋስ ሕክምና ሐሳብ የተነሣው ከመሠረታዊ ሳይንስ ነው። በ1971 ጁዳ ፎክማን ዕጢዎች ወደ ራሳቸው አዳዲስ የደም ሥሮችን የሚስቡበት ኬሚካላዊ መልእክት እንዳለ አመለከተ። በ1989 ከመልእክቶቹ ዋናው፣ ቪ ኢ ጂ ኤፍ የተባለው ፕሮቲን፣ ተለየ። ኦክስጅን የተራበ ሕዋስ ይህንን ፕሮቲን አምርቶ የደም ሥር እንደሚጠራም ታወቀ፤ ሕዋሳት የኦክስጅንን መጠን እንዴት እንደሚያውቁ የገለጹት ሦስት ተመራማሪዎች በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በ1997 ደግሞ ታካዩኪ አሳሃራ፣ ጄፍሪ ኢስነርና ባልደረቦቻቸው በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ የደም ሥር ግድግዳ ሊሆኑ የሚችሉ ሕዋሳት እንደሚዘዋወሩ በሳይንስ መጽሔት ላይ አስነበቡ።

ከዚህ በኋላ ያለው እርምጃ ግልጽ መሰለ። ሕዋሱ በመቅኔ ውስጥ ካለ፣ ከመቅኔው ቀድቶ በተራበው ጡንቻ ውስጥ መውጋት ነው። በ2002 የጃፓን ሐኪሞች ይህንኑ አደረጉ። በመጀመሪያ 25፣ ቀጥሎም 22 ሕመምተኞች በሕመሙ በተጎዳ ባታቸው ውስጥ የመቅኔ ሕዋስ ተወጉ። በአራት ሳምንት ውስጥ የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት ከፍ አለ፤ ሕመም ቀነሰ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ከዚያም በየአገሩ ብዙ ትንንሽ ጥናቶች ተደረጉ፤ አብዛኞቹም መልካም ውጤት አወጁ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከኔዘርላንድ ነው። ጁቬንታስ የተባለውና በ2015 የታተመው ጥናት 160 ሕመምተኞችን በዕጣ ከፈለ። ከሁሉም መቅኔ ተቀዳ። ለግማሾቹ ሕዋሱ፣ ለግማሾቹ ደግሞ መልኩ ሕዋሱን የሚመስል አስመሳይ ፈሳሽ በእግራቸው ደም ቅዳ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሰጠ። የትኛው ለማን እንደተሰጠ ሕመምተኛውም ሐኪሙም አያውቁም ነበር። በስድስት ወር ውስጥ እግራቸው የተቆረጠው ሕዋስ ከተሰጣቸው 19 በመቶ፣ አስመሳዩ ከተሰጣቸው 13 በመቶ ሆኑ፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ዓይነት ስለነበረ ሕዋሱ ጎዳ ማለት አይቻልም፤ ጠቀመ ማለት ግን ፈጽሞ አይቻልም። ከሁሉ የሚደንቀው ሌላ ነው፦ በሁለቱም ቡድኖች ሕመም ቀንሷል፣ የቁርጭምጭሚት ግፊትም ተሻሽሏል። አስመሳዩ ቡድን ባይኖር ኖሮ ተመራማሪዎቹ ሕክምናው ሠራ ብለው በደስታ በጻፉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጡትም ዜናዎች የሚያበረታቱ አይደሉም። ፕሉሪስተም የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ከእንግዴ ልጅ በሚወሰዱ ሕዋሳት ያካሄደው ሰፊ ሙከራ ግቡን እንደማይመታ በመካከል በተደረገው ምርመራ ስለታወቀ በ2020 ቆመ። በጃፓን በ2019 በጊዜያዊነት ተፈቅዶ የነበረው የደም ሥር አብቃይ ዘረመል መድኃኒትም አምራቹ በ2024 የዘላቂ ፈቃድ ማመልከቻውን በማንሳቱ ከመንገድ ቀርቷል።

ለምን አልሆነም?

አንዱን ምክንያት የፊዚክስ ተማሪ በወረቀት ላይ ሊያገኘው ይችላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፑዋዜይ በ1840ዎቹ እንዳሳየው፣ በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ መጠን ከቱቦው ራዲየስ አራተኛ ፓወር ጋር ይመጣጠናል። ራዲየሱ በግማሽ ሲቀንስ ፍሰቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። አሁን 4 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን አንድ ደም ቅዳ 8 ማይክሮሜትር ስፋት ካለው ካፒላሪ ጋር እናነጻጽር። ልዩነቱ 500 እጥፍ ነው። 500ን በአራተኛ ፓወር ስናሰላ 62.5 ቢሊዮን ይሆናል። ርዝመቱና ግፊቱ እኩል ከሆነ አንድ የተዘጋ ትልቅ ቧንቧ የሚያሳልፈውን ደም ለማሳለፍ ከ62 ቢሊዮን በላይ ካፒላሪዎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ዋናው የውኃ መስመር በተዘጋበት ከተማ በየቤቱ ቧንቧ መጨመር ውኃ አያመጣም። ደሙን ወደ እግር የሚያደርሱት እንደ ድልድይ የሚያገለግሉ፣ ቀድሞ የነበሩ ተለዋጭ ደም ቅዳዎች ሲሰፉ ነው፤ የእነዚህ መስፋትና የካፒላሪ መብቀል ደግሞ የተለያዩ ሂደቶች ናቸው።

ሁለተኛው ምክንያት የሕዋሱ ባለቤት ነው። መቅኔው የሚቀዳው ከአረጀ፣ ስኳር ካለበት፣ ብዙ ጊዜም ሲጋራ ካጨሰ ሰው ነው። ሕመሙ ደም ቅዳውን ብቻ ሳይሆን መጠገኛ ሕዋሱንም አድክሞታል።

ሦስተኛው ምክንያት የእኛው የሰዎች ተፈጥሮ ነው። ተስፋ የሰነቀ ሕመምተኛ ሕመሙን ያቀልላል፤ ተስፋ የሰነቀ ሐኪምም መልካሙን አጉልቶ ያያል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ በደረት ውስጥ ያለን አንድ ደም ቅዳ ማሰር የልብ ሕመምን ያስታግሳል ተብሎ ብዙዎች ተቀድደው ነበር። በ1959 ሊዮናርድ ኮብና ባልደረቦቹ በ17 ሕመምተኞች ላይ ፈተኑት፤ ለ8ቱ ቧንቧው ታሰረ፣ የ9ኙ ቆዳ ብቻ ተቀዶ ተሰፋ። መሻሻሉ በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ሆነ። ቀዶ ጥገናውም ብዙ ሳይቆይ ተረሳ።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«ዶተርንም ሰዎች እብድ ብለውት ነበር፤ ኋላ ግን እውነቱ የእሱ ሆነ። ታዲያ የሕዋሱን ተመራማሪዎች ለምን አትታገሡም?» የሚለን አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ዶተር የተዘጋ ቧንቧ ከፍቶ ደሙ ሲያልፍ በራጅ ፊልም አሳየ፤ ምክንያቱና ውጤቱ በአንድ ሥዕል ላይ ጎን ለጎን ታዩ። እንዲያም ሆኖ የእሱ ዘዴ ራሱ በዕጣ ከሚደረግ ውድድር አላመለጠም። የሕዋሱ ሕክምናም ይህንኑ ሚዛን እንዲያልፍ መጠየቅ ጠላትነት አይደለም። ምርምሩ ይቀጥል እንላለን። ዋጋ ተቆርጦለት የሚሸጠው ግን ምርምር አይባልም።

ሌላው ተቃውሞ «መዳኛ የሌለውን ሰው ተስፋ ለምን ትነሡታላችሁ?» የሚል ነው። እኛ የምንቃወመው ተስፋን አይደለም፤ የተስፋን ንግድ ነው። በ2017 በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት እንደተዘገበው በአሜሪካ ፍሎሪዳ ሦስት ሴቶች ከስባቸው የተወሰደ ሕዋስ በዓይናቸው ከተወጉ በኋላ ብርሃናቸውን በከባድ ሁኔታ አጥተዋል። ተመራማሪ ሕመምተኛውን ለሙከራ ሲጠይቅ ገንዘብ አያስከፍልም፤ አስመሳይ ሊደርስህ ይችላል ብሎም አስቀድሞ ይነግረዋል። «ሁሉም ይድናል» እያለ ክፍያ የሚቀበል ሲመጣ ግን ቤት ለመሸጥ ከመቸኮል በፊት ቆም ማለት ይበጃል።

ሕዋስ በዚህ መስክ ምንም አልፈየደም ማለትም አይደለም። በ1999 ሎራ ኒክላሰንና ባልደረቦቿ በቤተ ሙከራ ከአሳማ ሕዋሳት የደም ቧንቧ አሳደጉ። ከ25 ዓመት ሥራ በኋላ፣ በዲሴምበር 2024፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በሰው ሕዋሳት የተሠራ ቧንቧ በአደጋ ደም ቅዳቸው ለተቆረጠና የራሳቸው ደም መልስ ለማይመች ሕመምተኞች እንዲውል ፈቀደ። አሠራሩን ልብ እንበል። ሕዋሳቱ በሚሟሟ ማዕቀፍ ላይ ተዘርተው ግድግዳውን ይገነባሉ፤ ሥራቸውን ሲጨርሱ ታጥበው ይወጣሉ፤ የሚቀረው የሠሩት ቧንቧ ነው። እዚህ ላይ ሕዋሱ ተአምር ሠሪ ሳይሆን ግንበኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ የሠራውንም የሚሰፋው ዞሮ ዞሮ የካሬል መርፌና ክር ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

በአገራችን በእግር ቁስል የሚሠቃዩ የስኳር ሕመምተኞች ብዙዎቹ ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ድልድዩም፣ ፊኛውም፣ ሕዋሱም ዘግይቷል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል በዚህ ሕመም ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ሕመሙን አስቀድሞ ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። የደም ግፊት መለኪያና የደምን ፍሰት በድምፅ የምታሰማ ትንሽ የዶፕለር መሣሪያ ይበቃሉ። በቁርጭምጭሚት የተለካው የላይኛው የደም ግፊት በክንድ ለተለካው ይካፈላል። ውጤቱ ከ1.00 እስከ 1.40 ከሆነ ጤናማ ነው፤ 0.90 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደም ቅዳው ጠብቧል። ለምሳሌ በቁርጭምጭሚት 84፣ በክንድ 140 የተለካ ሰው 0.60 ያገኛል፤ ይህ ሰው ገና ቁስል ሳይወጣለት ሐኪም ማየት ይኖርበታል። ለስኳር ሕመምተኞች አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቧንቧቸው በካልሲየም ስለሚደርቅ ልኬቱ በሐሰት ከፍ ብሎ ከ1.40 ሊያልፍ ይችላል፤ ይህም ራሱ የሕመም ምልክት ነው።

ሕክምናውም የሚጀምረው ከቀላሉ ነው። ሲጋራን ፈጽሞ መተው፣ ስኳርንና የደም ግፊትን መቆጣጠር፣ ሐኪም ያዘዘውን የኮሌስትሮልና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት አለማቋረጥ፣ ባት እስኪይዝ እየተራመዱ፣ እያረፉና እንደገና እየተራመዱ በየዕለቱ መለማመድ። የስኳር ሕመምተኛ እግሩን በየማታው በብርሃን ይመርምር፤ ማየት ካቃተው ልጁ ይመርምርለት። ስሜቱ የደነዘዘ እግር እሳት ሲያቃጥለው ስለማያውቅ ከከሰል ምድጃ አጠገብ እግር ማሞቅ ይቅር።

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ከዚህ የበለጠ እንጠይቃለን። ለዚህ ሕመም የሚያስፈልጉት ሳይንቲስቶች በግንደ ሕዋስ ቤተ ሙከራ የሚሠሩት ብቻ አይደሉም። ዶፕለርን በአገር ውስጥ ለመገጣጠም የፊዚክስና የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ያስፈልጋል። በየሆስፒታሉ ስንት እግር፣ በምን ምክንያት፣ በስንተኛው ሳምንት እንደተቆረጠ በወጉ መዝግቦ ለመተንተን የስታቲስቲክስ ተማሪ ያስፈልጋል። ያልተቆጠረ ነገር አይሻሻልም። «አልሠራም» ተብሎ የሚታተም ውጤትም ሽንፈት ሆኖ መታየት የለበትም። የኔዘርላንዱ ጥናት አንድም እግር ባያድንም፣ ቤታቸውን ለመሸጥ የተነሡ ብዙ ቤተሰቦችን ሊያድን ይችላልና ክብር ይገባዋል።

ወደ ጠያቂያችን እንመለስ። ቤቱን አይሽጡ እንላለን። ይልቅስ እግር ከመቆረጡ በፊት የደም ፍሰቱ እንዲለካና ድልድይ ወይም ፊኛ ይቻል እንደሆነ የደም ቧንቧ ቀዶ ሐኪም እንዲያያቸው ይጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ድፍረት ሳይሆን መብት ነው። ከጣት ወይም ከእግር አንዱ መቆረጡ ግድ ሆኖ ከተገኘም፣ በጊዜው የተቆረጠ ሕይወትን ያተርፋል። ከዚያም ገና ያልቆሰለውን ሌላውን እግር ዛሬ ማታ በብርሃን ይመልከቱት።